በአንድ አክሊል ሁለት ኮከቦች፦ አንዱ በድንገት ይነድዳል፣ ሌላው በድንገት ይጠፋል

በግንቦት ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠርቶ ካመሸ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ያለ ሰው ሰባት የሚሆኑ ኮከቦች በግማሽ ክብ ተደርድረው ያገኛል። ይህ ስብስብ የሰሜን አክሊል ይባላል። ከሰባቱ በጉልህ የምትታየው አልፌካ ስትሆን፣ የቀሩት ፈዘዝ ያሉ በመሆናቸው እነሱን ለማየት ከከተማ መብራት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። አክሊሉን በሥነ ፈለክ አጥኚዎች ዘንድ ዝነኛ ያደረጉት ግን እነዚህ ሰባቱ አይደሉም። በግማሽ ክቡ ውስጥ አንድ፣ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ደግሞ ሌላ ኮከብ አለ፤ የመጀመሪያው አር ኮሮኔ ቦሪያሊስ፣ ሁለተኛው ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ ይባላል። ስማቸውን ለማሳጠር እዚህ ላይ «አር» እና «ቲ» እንበላቸው። «አር» ያለ መሣሪያ ሊታይ በሚችልበት ጠርዝ ላይ ለዓመታት ሲበራ ይቆይና ማንም ሳይጠብቀው በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። «ቲ» በአንጻሩ 80 ዓመት ያህል ከዓይን ተሰውሮ ይኖርና በአንድ ሌሊት ከአልፌካ ጋር የሚፎካከር ኮከብ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ሁለቱ ከመግባታችን በፊት የድምቀት መለኪያውን ማወቅ ይበጃል፤ አዲስ አንባቢን ግራ የሚያጋባው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። መለኪያው ማግኒቲዩድ ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ይፈዝዛል። ይህ የተገላቢጦሽ አቆጣጠር የመጣው ኮከቦችን እንደ ተማሪ በደረጃ ከመመደብ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ደማቆቹ አንደኛ ደረጃ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩት ስድስተኛ ደረጃ ተብለው ይጠሩ ነበር። በ1856 እንግሊዛዊው ኖርማን ፖግሰን የአምስት ደረጃ ልዩነት ልክ የ100 እጥፍ የብርሃን ልዩነት እንዲሆን ሐሳብ በማቅረቡ ልማዱ በሒሳብ ታሰረ፤ በዚህ ስሌት አንዱ ደረጃ ከሌላው 2.5 እጥፍ ያህል ይለያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ቲ» በወትሮው 10ኛ ደረጃ አካባቢ ሆኖ ይቆይና ሲፈነዳ ወደ 2ኛ ደረጃ ይወጣል፤ የስምንት ደረጃ ለውጥ ማለት ከ1,500 እጥፍ የሚበልጥ የብርሃን ጭማሪ ማለት ነው። «አር» ደግሞ ከ6ኛ ደረጃ ተነስቶ እስከ 14ኛ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ያም ስምንት ደረጃ ነው፣ ወደ ታች። ጎረቤትነታቸው ግን ለእኛ ዓይን ብቻ ነው፤ አንዱ የሚነድድበትና ሌላው የሚጠፋበት ምክንያት ፈጽሞ አይገናኝም።

«ቲ» አንድ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ሁለት የሆነ ኮከብ ነው። አንደኛው በዕድሜው ማምሻ ያበጠ ቀይ ግዙፍ ነው፤ ሁለተኛው ነጭ ድንክ ይባላል፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ የሞተ ኮከብ እምብርት ነው። የነጭ ድንኩ ስፋት ከምድራችን ስፋት ብዙ አይርቅም፤ የያዘው ቁስ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ሁለቱ በ228 ቀን ገደማ አንዱ ሌላውን ይዞራሉ። ከመቀራረባቸው የተነሳ ከቀይ ግዙፉ የላይኛው ሽፋን ሃይድሮጅን የበዛበት ጋዝ ወደ ነጭ ድንኩ ይሳባል፤ ጋዙ በቀጥታ አይወድቅም፣ መጀመሪያ በድንኩ ዙሪያ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይሽከረከራል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ በገጹ ላይ ይከመራል።

ዓመታት ባለፉ ቁጥር ክምሩ እየወፈረ፣ ከሥሩ ያለው ግፊትና ሙቀትም እየጨመረ ይሄዳል። ተራ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ሲሞቅ ተስፋፍቶ ይበርድ ነበር፤ የድስት ክዳን በእንፋሎት ተነስቶ ትንሽ አስተንፍሶ ተመልሶ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። በነጭ ድንክ ገጽ ላይ ከልክ በላይ የተጨመቀው ቁስ ግን እንዲህ ያለ መተንፈሻ የለውም፤ ሲሞቅ አይስፋፋም፣ ስላልተስፋፋም አይበርድም። ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ ሲቆጠር የሃይድሮጅን እምብርቶች መዋሃድ ይጀምራሉ፤ ውህደቱ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ውህደቱን መልሶ ያፋጥነዋል። ወተት ያፈላ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ረጅም ጊዜ ምንም ሳያሳይ ይቆይና ዓይን ዘወር ባለበት ቅጽበት ገንፍሎ ምድጃውን ያጥለቀልቃል። ክምሩ ተፈንቅሎ ወደ ጠፈር ሲበተን የሚታየው ብርሃን ኖቫ ይባላል፤ ቃሉ በላቲን «አዲስ» ማለት ሲሆን የተሰጠውም የጥንት ሰዎች አዲስ ኮከብ የተወለደ ስለመሰላቸው ነው። ኮከቡ አልተወለደም፣ አልሞተምም፤ ነጭ ድንኩ ከፍንዳታው ተርፎ በማግስቱ እንደገና መሰብሰብ ይጀምራል። ብዙ ኖቫዎች ዳግም ለመፈንዳት በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። «ቲ» በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የሚመላለሰው ነጭ ድንኩ እጅግ ከባድ በመሆኑ ነው፤ ክብደቱ 1.37 ፀሐይ ያህል እንደሆነ ይገመታል፣ አንድ ነጭ ድንክ ሳይፈርስ ሊሸከመው ከሚችለው ጣሪያ፣ ከ1.4 ፀሐይ ገደማ፣ በጥቂቱ ዝቅ ያለ ነው። የስበት ኃይሉ ስለበረታ ለመንደድ ስስ ክምር ይበቃዋል።

ስለ «ቲ» ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ርቀቱ ነው። ከእኛ 3,000 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ የምናየው ብርሃን ከንግሥተ ሳባ ዘመን አካባቢ የተነሳ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየ80 ዓመቱ ሲፈነዳ ኖሮ ከሆነ፣ የ37 ያህል ፍንዳታዎች ብርሃን በዚህ ሰዓት እንደ ቅፍለት ተከታትሎ ወደ እኛ በመምጣት ላይ ነው። «መቼ ይፈነዳል?» የሚለው ጥያቄ፣ በትክክል ሲነገር፣ «የቅፍለቱ ፊተኛ መቼ ይደርሳል?» ማለት ነው።

ቅፍለቱ በርግጠኝነት ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመዝግቧል። ሜይ 12 ቀን 1866 ሌሊት ጆን በርሚንግሃም የተባለ አየርላንዳዊ ከወዳጁ ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰማዩን ቀና ብሎ ቢያይ በአክሊሉ አጠገብ የማያውቀው ኮከብ አገኘ። ወሬው በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዊሊያም ሃጊንስ የኮከቡን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በሚተነትን መሣሪያ መርምሮ በኃይል የሚያበራ የሃይድሮጅን ጋዝ እንዳለበት አየ፤ የአንድ ኖቫ ብርሃን በዚህ መንገድ ሲመረመር የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ይነሳሉ። እኔ ግን ሦስተኛውን ሰው፣ በአቴና የነበረውን ዩልየስ ሽሚትን፣ ከሁለቱ አላሳንሰውም። ሽሚት በዚያው ምሽት፣ ከበርሚንግሃም ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ፣ ያንኑ የሰማይ ክፍል ሲመለከት ነበር፤ ያየው የተለየ ነገር አልነበረም። ኮከቡ ከወራት ወይም ከቀናት ይልቅ በሰዓታት ውስጥ እንደነደደ የታወቀው «ምንም አላየሁም» ባለው በዚህ ሰው ምስክርነት ነው።

በ1946 የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በኦሃዮ ገጠር ያደገው አሜሪካዊው ሌስሊ ፔልቲየር፣ ደመወዝ የማይከፈለው ነገር ግን ከተከፋዮች በላይ የሚተጋ የሰማይ ተመልካች፣ «ቲ»ን ከ25 ዓመት በላይ ሲጠብቀው ኖሯል። በፌብሩዋሪ አንድ ሌሊት፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል፣ የሚቀሰቅስ ሰዓቱ ደወለ፤ ተነሳ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንደነበርም አየ። ጉንፋን የጀመረው ስለመሰለው ግን ተመልሶ ተኛ። «ቲ» የፈነዳው በዚያ ሌሊት ነበር። በሶቭየት ኅብረት የባቡር ሐዲድ እየተመላለሰ የሚፈትሽ ካመንቹክ የተባለ ሠራተኛ ቀድሞ አየው። ሩብ ምዕተ ዓመት በትዕግሥት የተመዘገበው ሁሉ አንድ ገጽ ጎደለበት፤ የጎደለውም ዋናው ገጽ ነበር።

ከሁለቱ በፊትስ? አሜሪካዊው ብራድሊ ሼፈር የቆዩ መዛግብትን አገላብጠው በ1217 መከር በጀርመን ኡርስበርግ ገዳም ቡርካርድ የተባሉ አበምኔት የጻፉት «ድንቅ ምልክት» እና በ1787 ማብቂያ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዎላስተን በኮከብ ዝርዝሩ ውስጥ ያኖረው ኮከብ ይህንኑ «ቲ» ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ተከራክረዋል። ከ1787 እስከ 1866 ሰባ ዘጠኝ፣ ከ1866 እስከ 1946 ሰማንያ ዓመት ነው። በ1946ቱ ፍንዳታ ዋዜማ ኮከቡ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ደብዘዝ ብሎ እንደነበር የቆዩ ምልከታዎች ያሳያሉ፤ በ2023 ጸደይ ተመሳሳይ ድብዘዛ ስለታየ ፍንዳታው በ2024 ይሆናል ተብሎ በሰፊው ተጠበቀ። ዓመቱ ሳይፈነዳ አለፈ። ይህን እንደ ሳይንስ ውድቀት መቁጠር አይገባም፤ በሁለት ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ትንበያ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ስሕተት ቢኖርበት የሚያስደንቅ አይሆንም። ሲፈነዳም ያለ መሣሪያ የሚታየው ለአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ወደ «አር» እንመለስ። የዚህን ኮከብ ጠባይ በ1795 ያስተዋለው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፒጎት ነው። «አር» ሃይድሮጅኑን አብዛኛውን ያጣ፣ ካርቦን የበዛበት ኮከብ ነው። መቼ እንደሆነ በማይታወቅ ጊዜ ከገጹ የካርቦን ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ ከኮከቡ ሲርቅ እየበረደ ወደ ጥላሸት ይለወጣል፤ ጥቀርሻ በድስት ቂጥ ላይ እንደሚይዘው ያለው ያው ካርቦን ነው። የጥላሸቱ ዳመና በእኛና በኮከቡ መካከል ከዋለ ኮከቡ በሳምንታት ውስጥ ይሰወራል፤ በሌላ አቅጣጫ ከተተፋ ግን ከምድር ሆኖ የሚያየው ሰው ምንም ላይታወቀው ይችላል። ዳመናው በኮከቡ የብርሃን ግፊት እየተገፋ ሲበተን ድምቀቱ ይመለሳል፤ መመለሱ ግን እንደ መውረዱ ፈጣን አይደለም። በ2007 ከ6ኛ ደረጃ ወደ 14ኛ ወርዶ ዓመታትን በጨለማ አሳልፏል። ስለዚህ ኮከቡ ራሱ አልጠፋም፤ ጭሱ ጋረደው እንጂ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓለምን ያነጋገረው የቤቴልጁዝ መፍዘዝም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነበር። ቤቴልጁዝ በኦሪዮን ስብስብ፣ በአዳኙ ትከሻ ላይ ያለው ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ነው። ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ እየፈዘዘ ሄዶ በፌብሩዋሪ 2020 ከ0.5 አካባቢ ወደ 1.6 አካባቢ ወረደ። ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተናፈሰ። በቺሊ ባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተነሱት ምስሎች ከተጠኑ በኋላ የተደረሰበት ማብራሪያ ግን ኮከቡ ትልቅ የጋዝ ጎርፍ እንደተፋ፣ ጋዙም በርዶ አቧራ ሆኖ ከፊል ገጹን እንደሸፈነ፣ በዚያው ወቅት የኮከቡ ገጽ በከፊል በርዶ እንደነበር ነው። የጃፓን የአየር ጠባይ ሳተላይት ሂማዋሪ 8፣ ምድርን ፎቶ ሲያነሳ ከጠርዝ ላይ የሚገባውን ቤቴልጁዝን ሳያውቅ ሲመዘግብ ኖሮ፣ በኋላ ላይ ለዚህ ጥናት ምስክር ሆኖ ተገኝቷል።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ኮከብ ለመከታተል ከብዙዎች የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ከተማዋ በሰሜን 9 ዲግሪ፣ ቤቴልጁዝ በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስላሉ ኮከቡ በጥር ወር ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሞላ ጎደል በአናት ላይ ያልፋል። ድምቀቱን መገመት የሚፈልግ ሰው ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም። አስቀድሞ ሃያ ደቂቃ ያህል በጨለማ ይቆያል፤ ስልኩን ግን አይከፍትም፣ አንድ ጊዜ መክፈት ያን ሃያ ደቂቃ ያጠፋዋልና። ከዚያ ድምቀታቸው የታወቀ ሁለት ኮከቦችን ይመርጣል፣ አንዱ ከሚመረመረው ደመቅ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ። ቤቴልጁዝ በፈዘዘበት ወቅት ለዚህ የሚመቹት በአቅራቢያው ያለው 0.9 ደረጃው አልደባራን እና በሌላኛው የኦሪዮን ትከሻ ያለው 1.6 ደረጃው ቤላትሪክስ ነበሩ። ተመልካቹ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሰ «ከአልደባራን እስከ ቤላትሪክስ ያለው መንገድ አሥር እርምጃ ቢሆን ቤቴልጁዝ ስንተኛው ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አምስተኛው ላይ ከመሰለው፣ 0.9 ሲደመር የ0.7 ግማሽ፣ 1.2 ወይም 1.3 ብሎ ይጽፋል። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ሁለት ጥንቃቄዎች ብቻ አሉ። ቀይ ኮከብን አፍጥጦ ማየት ከእውነቱ በላይ ደማቅ ያስመስለዋል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በጨረፍታ ማየት ይሻላል። ደግሞም የሚነጻጸሩት ኮከቦች ከአድማስ ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ አድማስ ያዘነበለ ኮከብ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚታይ ይፈዝዛል። የለመደ ሰው በዚህ ዘዴ የአንድ ወይም የሁለት አሥረኛ ደረጃ ልዩነት ይለያል።

የትናንቱን ግምት እያስታወሱ የዛሬውን መጻፍ ግን ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። «ትናንት 1.2 ነበር» ያለ ሰው ዛሬም 1.2 ያያል፤ ኮከቡ ቢቀየርም ዓይኑ አይቀየርም።

የሰዓቱ ጉዳይ ለእኛ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ከየአገሩ የሚሰበሰቡ ምልከታዎች እንዲገጣጠሙ ሁሉም በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋሉ፤ ከኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ወርና ዓመት የማያውቅ፣ ቀናትን ብቻ በተከታታይ የሚቆጥር ዩልያናዊ ቀን የሚባል አቆጣጠር አለ፤ አዲሱ ቀን የሚጀምረው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ በአውሮፓ የአንድ ሌሊት ምልከታ ለሁለት አይከፈልም። አንድ ተመልካች ለግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንድ ኮከብ ገመተ እንበል። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ 1፡00 ይለውጣል፤ ቀኑ በአውሮፓውያን ሜይ 16 ቀን 2025 መሆኑን ያያል፤ ሦስት ሰዓት ሲቀንስ ሜይ 15 ምሽት 22፡00 ይሆንበታል፤ በዩልያናዊው ቀን ሲጻፍ ደግሞ 2460811.417 ነው። በዚህ መንገድ ላይ ስድስት ሰዓት ወይም አንድ ሙሉ ቀን መሳሳት እጅግ ቀላል ስለሆነ፣ በሰዓታት ውስጥ ለሚነድድ ኮከብ እንዲህ ያለው ስሕተት ምልከታውን ዋጋ ያሳጣዋል። መፍትሔው በመስክ ላይ የእጅ ሰዓቱ የሚለውን እንዳለ ጽፎ፣ ቅየራውን በማግስቱ ቁጭ ብሎ መሥራት ነው።

ሰዓት እስከዚህ ድረስ የሚያስጨንቀው ለምን እንደሆነ የ1987ቱ ሱፐርኖቫ ያሳያል። ሱፐርኖቫ ከኖቫ የሚለየው ኮከቡ ገጹን ብቻ ሳይሆን ራሱን የሚያጣበት ፍንዳታ በመሆኑ ነው። በደቡብ ሰማይ፣ 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው ትልቁ የማጄላን ዳመና ውስጥ የነበረ አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ እምብርቱ በራሱ ላይ ተደረመሰ። መርዶውን ቀድመው ያደረሱት ኒውትሪኖ የተባሉት፣ ምድርን ሰንጥቀው ሲያልፉ እንኳ እምብዛም የማይታወቁት ቅንጣቶች ነበሩ፤ የካቲት 16 ቀን 1979 በእኛ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ። በዚያ ሰኞ ጠዋት በእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ሰውነት ውስጥ ከቁጥር በላይ የሆኑ ኒውትሪኖዎች አልፈዋል፤ በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቭየት ኅብረት ከመሬት በታች የነበሩት መሣሪያዎች በድምሩ የያዙት ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ነበር።

ታዲያ ብርሃኑ መቼ ወጣ? በኒውዚላንድ አልበርት ጆንስ፣ በዕድሜ ዘመኑ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ግምት ያስመዘገበ አማተር፣ ኒውትሪኖዎቹ ካለፉ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ በአጋጣሚ ያንኑ ቦታ በቴሌስኮፑ አይቶ ምንም አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ በአውስትራሊያ በሮበርት ማክኖት የተነሳ ፎቶግራፍ ላይ ኮከቡ ወጥቷል፤ ፎቶግራፉ ግን የተመረመረው በኋላ ነው። ማግስቱን በቺሊ ላስ ካምፓናስ ኢየን ሼልተን በፎቶግራፍ፣ ኦስካር ዱሃልዴ በባዶ ዓይኑ አዩት፤ ጆንስም ራሱ በሚቀጥለው ሌሊት አገኘው። የፍንዳታው ማዕበል ከኮከቡ እምብርት ተነስቶ ገጹን እስኪሰብር ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ያሰሉ ሊቃውንት የተማመኑበት የታችኛው ወሰን የጆንስ ባዶ ምልከታ ነው። ሽሚት በአቴና፣ ጆንስ በኒውዚላንድ፤ ሁለቱም ለታሪክ ያበረከቱት «አልነበረም» የሚል አንድ መስመር ነው።

ዕድልም ድርሻ አላት። በሴፕቴምበር 2016 በአርጀንቲና ሮሳሪዮ ከተማ ቁልፍ ሠሪው ቪክቶር ቡሶ አዲስ ካሜራ ለመሞከር በቤቱ ጣሪያ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ የአንድ ሩቅ ጋላክሲ ምስል ደጋግሞ ሲያነሳ፣ በመጀመሪያዎቹ ላይ ያልነበረ ነጥብ በኋለኞቹ ላይ እየደመቀ ሲወጣ አየ። የአንድ ሱፐርኖቫ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ባዶ ምስሎች ባይኖሩ ኖሮ ግን ግኝቱ ተራ ሱፐርኖቫ ሆኖ በቀረ ነበር።

አዲስ ነገር ያየ ሁሉ ሱፐርኖቫ አላየም። በ2018 አንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ በዓለም አቀፉ የማስታወቂያ መረብ በጣም ደማቅ እንግዳ ኮከብ መገኘቱን አሳወቁ፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያዩት ማርስን እንደሆነ ተረድተው ማስታወቂያውን ሳቡ። ባልደረቦቻቸው ማርስን ስላገኙ ቀልደው አመሰገኗቸው። ከማወጅ በፊት ፕላኔት፣ አስትሮይድ፣ ሳተላይት ወይም አውሮፕላን አለመሆኑን ማረጋገጥና ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ማየት የግድ ነው።

ዛሬ ሰማዩን በየሌሊቱ የሚያስሱ ማሽኖች ስላሉ የዓይን ምልከታ ያረጀ ሊመስል ይችላል። በጁን 2025 በሉፐስ ስብስብ የታየውን ኖቫ ቀድሞ የያዘው እንዲህ ያለ የካሜራዎች መረብ ነው። በቺሊ ተራራ ላይ የቆመው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ 8.4 ሜትር መስታወትና 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ በአንድ ሌሊት እስከ 10 ሚሊዮን የለውጥ ማንቂያ እንዲያወጣ ታስቦ ተሠርቷል። ሆኖም ይህ ግዙፍ ዓይን ለሩቅና ለደብዛዛ ነገር የተሠራ በመሆኑ እንደ ቤቴልጁዝ ያለ ኮከብ ካሜራውን ያሳውረዋል፤ «ቲ»ም ሲፈነዳ እንዲሁ ይሆንበታል። ደማቆቹ ለአነስተኛ መሣሪያና ለባዶ ዓይን የቀሩ ናቸው። በ1911 የተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ተመልካቾች ማኅበር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ምልከታዎች የያዘ መዝገቡን ከማንኛውም አገር ተመልካች እየተቀበለ የሚያሳድገው ለዚህ ነው።

መዝገቡ ሙሉ የሚሆነው ደግሞ ምድር ስትዞር ሁልጊዜ አንድ ሰው በጨለማው በኩል ነቅቶ ሲገኝ ነው። አሜሪካ ቀን፣ ጃፓን ንጋት በሚሆንበት ሰዓት ጨለማው ከምሥራቅ አፍሪካ በላይ ነው፤ በዚህ ቀጠና ያለው ተመልካች ግን ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የሰሜን አክሊልም ትልቁ የማጄላን ዳመናም ከአንድ ኮረብታ ላይ ይታያሉ፤ ዳመናው በደቡብ አድማስ ዝቅ ብሎ ቢሆንም። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የእንጦጦ ማዕከል አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። የሚያሳዝነው የወቅቱ ነገር ነው፤ አክሊሉ በአምሻሽ ከአናታችን በላይ የሚደርሰው በሐምሌ፣ ክረምቱ ሰማዩን በዘጋበት ወር ነው።

ስለዚህ «ቲ»ን መጠበቅ የሚፈልግ የአገራችን ሰው ሁለት መስኮቶች አሉት። አንደኛው ከሚያዝያ እስከ ዝናቡ መግቢያ፣ አክሊሉ ከምሥራቅ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት፣ ልክ እንደጨለመ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ በምዕራብና በሰሜን መካከል ሊጠልቅ ሲያዘነብል ነው። ብርቱካናማውን አርክቱረስን እና ነጩን ቬጋን አግኝቶ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ከአርክቱረስ በኩል ሲሶውን ያህል ቢሄድ አክሊሉን ያገኛል። አልፌካ ብቻዋን ደምቃ ከታየች «ቲ» አልፈነዳም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ፣ ከጎኑ «በዓይን አይታይም» ብሎ መግባት ነው። አጠገቧ፣ ከግማሽ ክቡ ምሥራቃዊ ጫፍ ወጣ ብሎ፣ እሷን የሚያህል ሌላ ካለ ግን ጉንፋን ቢይዘውም ወደ አልጋው አይመለስ።